ከብረቱ ወደ ወረቀቱ

ገዢዋ መኪና ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነው። መካኒኩ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «እስቲ እዩልኝ» እያለ የሚመጣባቸው ሰው ናቸው። ወሬው የተጀመረው ከጋራዡ ደጃፍ ነው።

ገዢዋ፦ ጋሼ፣ ሊብሬውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ መጥቻለሁ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው ብሎኛል ደላላው። እስቲ ይዩልኝ።

መካኒኩ፦ ሊብሬውን ኋላ አየዋለሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ብረቱ ላይ አየሽው?

ገዢዋ፦ ሊብሬው ላይ ተጽፏል እኮ።

መካኒኩ፦ ሊብሬው ላይ ያለውን የጻፈው የቢሮ ሠራተኛ ነው። እኔ የምልሽ ፋብሪካው ብረቱ ላይ የመታውን ነው። ሰው ሁሉ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ኮፈኑን ያስከፍትና «አዎ፣ ያው ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ያወቀ ዓይን ያንኑ ያነባል። አንቺ መጀመሪያ ብረቱን አንብቢ፣ በገዛ እጅሽ ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ ሊብሬውን ከዚያ ወዲያ አውጥተሽ አስተያዪ። ስታስተያዪም ከመጨረሻው ቁጥር ጀምረሽ ወደ ፊት ነይ።

ገዢዋ፦ ከመጨረሻው ለምን?

መካኒኩ፦ የፊተኞቹ ፊደላት በአንድ ዓይነት መኪና ሁሉ ላይ አንድ ናቸው። መኪናን ከመኪና የሚለዩት የኋለኞቹ ናቸው። ከፊት ስትጀምሪ አምስት ስድስቱ ይገጥምልሽና ልብሽ ረክቶ የቀረውን ትዘዪዋለሽ።

ገዢዋ፦ ታርጋውስ? ታርጋውን ከሊብሬው ጋር አይቼዋለሁ።

መካኒኩ፦ ታርጋ በሁለት ብሎን የተያዘ ቆርቆሮ ነው። የመኪናው አገልግሎት ሲለወጥ ሊቀየር ይችላል። የሻንሲ ቁጥር ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ነው፤ ብረቱ ተቀጥቅጦ እስኪቀልጥ አብሮት ይኖራል። ባንክ መኪና በሐራጅ ሲሸጥ ጋዜጣ ላይ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከሰሌዳ ቁጥሩ ጎን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይዘረዝራል። የሚሸጠው የትኛው መኪና እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ገዢዋ፦ እኔ እኮ ሳየው ምንም አይገባኝም። ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ ተደርድሯል።

መካኒኩ፦ ሲለመድ ይነበባል። አሥራ ሰባት ናቸው። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ በፈለገው ርዝመት ነበር የሚጽፈው፤ አሜሪካኖች ከ1981 ሞዴል ጀምሮ አሥራ ሰባት ይሁን ብለው ደነገጉ፣ ከሌላው ዓለምም አብዛኛው በዚያው ቁጥር ተስማማ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የት አገር፣ ማን እንደ ሠራው ይናገራሉ። ከዚያ የሚቀጥሉት ስለ መኪናው ዓይነት ናቸው፤ አካሉ፣ ሞተሩ። የመጨረሻዎቹ ተራ ቁጥሩ ናቸው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ፈጽሞ አይገቡበትም። ስለዚህ ወረቀት ላይ «ኦ» የሚል ካገኘሽ ገልባጩ ተሳስቷል፤ ዜሮ ነው።

ገዢዋ፦ አገሩ እንዴት ይታወቃል?

መካኒኩ፦ በመጀመሪያው ፊደል። ጄ ጃፓን ነው፣ ኬ ኮሪያ፣ ኤል ቻይና፣ ደብልዩ ጀርመን። 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፤ 2 ካናዳ፤ 3 ሜክሲኮ። ቀድሞ ለአፍሪካ ከኤ እስከ ኤች ያሉት ተሰጥተው ነበር፤ ኢትዮጵያም በኢ የሚጀምር ድርሻ ነበራት፣ ከ«ኢ ኤ» እስከ «ኢ ኢ»። እኔን ደስ የሚለኝ ነገር ነው፤ አንድ ቀን በአገራችን መለያ የሚጀምር መኪና በብዛት ባይ እወዳለሁ።

ገዢዋ፦ ይህን ማወቁ ለገዢ ምን ይጠቅማል?

መካኒኩ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ፎልክስቫገን አይዲ ፎር ታውቂያለሽ። ሻጩ «የጀርመን ነው» ይልሻል፤ ምልክቱም የጀርመን ነው። የፊት መስታወቱ ሥር ስታነቢ «ኤል ኤፍ ቪ» ወይም «ኤል ኤስ ቪ» ይላል። ፎልክስቫገን ቻይና ውስጥ ከሁለት የቻይና ኩባንያዎች ጋር የሚሠራባቸው ፋብሪካዎች ናቸው። አይዲ ሲክስማ ከመነሻው ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው። መኪናው መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ጥሩ መኪና ነው። ግን ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሶፍትዌሩም፣ መለዋወጫው የሚመጣበትም አገር ከጀርመኑ ይለያል። ያንን አውቀሽ ግዢ፤ የጀርመን ዋጋ እንዳትከፍዪ። ፒክአፑም ላይ እንዲሁ ነው። «የጃፓን ሃይለክስ» የተባለው «ኤም አር» ብሎ ሲጀምር ታይላንድ፣ «ኤ ኤች ቲ» ሲል ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው።

ገዢዋ፦ ዓመቱም እዚያው ላይ አለ ይባላል።

መካኒኩ፦ አለ፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአሜሪካና ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ቦታ የሞዴል ዓመት ነው። ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ፊደሎቹ በየሠላሳ ዓመቱ ስለሚመለሱ ኤ 1980ም 2010ም ይሆናል፤ ያ በዓይን ይለያል። «የ2024 ነው» ተብሎ የቀረበልሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አሥረኛው ላይ ፒ ካለ፣ የሸጠሽ ሰው ዓመት ጨምሮልሻል። ለአውሮፓ የተሠሩት ላይ ግን አሥረኛው ቦታ ዓመት የመንገር ግዴታ የለበትም። የአውሮፓ ቶዮታ ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ ነው ያለው። ዜሮ ደግሞ በዓመት ፊደሎቹ ውስጥ የለም። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ሰው «ተጭበርብሯል» ብሎ ደህናውን መኪና ይተዋል።

ገዢዋ፦ ታዲያ ዓመቱን በምን ልወቅ?

መካኒኩ፦ ወንበር ቀበቶውን እስከ ሥሩ ሳቢው። ታች ጫፉ ላይ የተሰፋች ጨርቅ አለች፤ የተሠራበት ዘመን ይጻፍባታል። በሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ተለጣፊ እዪ። ሁለቱም በሮች፣ ሁለቱም ቀበቶዎች አንድ ዘመን ከተናገሩ ጥሩ ነው። ዓመት ቀልድ አይደለም፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ ከብዷል። ዕድሜ ገንዘብ በሆነበት ቦታ ዕድሜ የሚቀንስ ሰው አይጠፋም።

ገዢዋ፦ እኔ ግን ላሳይዎት የመጣሁት ቪትዝ ነው። ይኸው ሊብሬው። አሥራ ሰባት አይሞላም፤ አሥራ ሁለት ነው የቆጠርኩት። ይህ ነው ያስፈራኝ።

መካኒኩ፦ አሳዪኝ... «ኬ ኤስ ፒ 90»፣ ከዚያ ሰባት ቁጥር። አትፍሪ፤ ትክክል ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አሥራ ሰባቱን አይጠቀምም። የሞዴሉን መለያ፣ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ተራ ቁጥሩን ነው የሚመታበት። ኬ ኤስ ፒ 90 ከ2005 ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ነው፣ አንድ ሺህ ሲሲው። ይልቅ አሥራ ሰባት የሞላ ቁጥር ያለው የዚያ ዘመን «ቪትዝ» ቢያመጡልሽ ያሪስ ነው ማለት ነው። ቪትዝ የሚለው ስም ያኔ የጃፓን ገበያ ስም ነበርና።

ገዢዋ፦ መሪው ግራ ነው ግን።

መካኒኩ፦ ዞሯል። የጃፓን ቪትዝ መሪው ቀኝ ነው፤ ግራ ሆኖ ካየሽው ሰው አዙሮታል። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ይወርዳል፣ ሞተሩንና ወንበሩን የሚለየው የፊት ግድግዳ ይበሳል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። ቁጥሩ እዚያ አካባቢ ከተመታ ብየዳው ያገኘዋል። ስለዚህ የዞረ መኪና ላይ ብየዳ ማየት ብቻውን ሌብነት አይደለም። አጥብቄ የማየው ግን እንዲህ ያለውን ነው፤ ሥራው ንጹሕ መሆኑን፣ ቁጥሩ ያለበት ላሜራ አለመነካቱን።

ገዢዋ፦ እንዴት ነው የሚያዩት? እኔ ቁጥር ነው የሚታየኝ።

መካኒኩ፦ ነይ ይህቺን ያሪስ እናንሳ፤ ባለቤቷ ፈቃደኛ ነው። የቀኙን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ግፊው። ምንጣፉ ላይ የተቆረጠ ክዳን አለ፣ ግለጪው። በጨርቅ ጥረጊው እንጂ በብረት አትፋቂው። ምን ይላል?

ገዢዋ፦ ቪ... ኤን... ኬ።

መካኒኩ፦ ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን ከተማ አጠገብ ያለው የቶዮታ ፋብሪካ። አሁን ቀጭን ወረቀት አድርጊበትና እርሳሱን አጋድመሽ በቀስታ አሹት። ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ዓይን የሚያልፈውን ወረቀት ያሳይሻል። ፋብሪካ የሚመታው በማሽን ነው፤ ጥልቀቱ አንድ፣ ርቀቱ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። በእጅ በመዶሻ የተመታ ግን አንዱ ጠልቆ አንዱ ይሳሳል፣ አንዱ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሦስት ወደ ስምንት፣ አንድ ወደ አራት ሲለወጥ አሮጌው መስመርና አዲሱ አንድ ጥልቀት አይኖራቸውም።

ገዢዋ፦ እኩል ነው። ቆንጆ ሆኖ ወጣ።

መካኒኩ፦ አሁን ቁጥሩን ተዪውና ዙሪያውን እዪ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ዙሪያውን ነው የማምነው። በግራይንደር የተፋቀ ብረት በአንድ አቅጣጫ የተጫረ መስመር ይቀርበታል፤ ቀለም ቢቀባም ጣት ይሰማዋል። እጅሽን አሳልፊበት። ቁጥሩ ካለበት ቦታ ጉድጓድ ነገር፣ ዝቅ ያለ ነገር አለ? የለም። የቀለሙ ዕድሜ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው? ሌላው ሁሉ አቧራ ጠጥቶ እሱ ብቻ ካበራ ጠርጥሪ። ማግኔት አስጠጊው፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ አይዝም። ቀጥሎ ከሥር ነው። ከላይ ስቱኮና ቀለም የሸፈነው ብየዳ ከሥር በኩል የቃጠሎ ምልክት ይተዋል። ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ አራት ማዕዘን ቆርጠው የሌላ መኪና ላይ የሚበይዱ አሉ፤ ያኔ ቁጥሩ እውነተኛ ነው፣ መኪናው ነው ሌላ። የቁጥሩን ፊደል ብቻ ያየ ሰው ይህን መቼም አይደርስበትም።

ገዢዋ፦ ስንት ቦታ ነው የሚጻፈው?

መካኒኩ፦ እንደ መኪናው ነው። የፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩል፣ በር ምሰሶ ላይ፣ ኮፈን ውስጥ፣ ፒክአፕ ሲሆን ሻንሲው ራሱ ላይ ከቀኙ የፊት ጎማ አጠገብ። አዳዲሶቹ ላይ ኮምፒውተሩም ይዞታል፤ የምርመራ ማሽን ሲሰካ ይወጣል። ፋብሪካዎች ለሕዝብ የማይናገሩት የተሸሸገ ቦታም አላቸው። አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በ1995 በፈረንጆቹ ሚያዝያ 19 የመንግሥት ሕንፃ በቦንብ ሲፈርስ ቦንቡን የጫነው መኪና ብትንትኑ ወጥቶ ነበር። ከፍርስራሹ የኋላ አክሰሉ ተገኘ፣ እላዩ ላይ ቁጥር ነበር። በእሱ ተከትለው ካንሳስ፣ ጀንክሽን ሲቲ የሚባል ከተማ መኪናውን ያከራየው ቤት ደረሱ፤ የተከራየውን ሰው መልክ የነገሩት እዚያ ያሉት ሠራተኞች ናቸው። ቲሞቲ ማክቬይ ነው። እሱ ራሱ በዚያው ቀን በትራፊክ ፖሊስ ተይዞ ነበር፤ የሚነዳት መኪና ታርጋ ስላልነበራት።

ገዢዋ፦ ጋሼ፣ ዘጠነኛው ቁጥር ራሱን ያረጋግጣል የሚል ሰምቻለሁ። በስልክ ማስላት ይቻላል አሉኝ።

መካኒኩ፦ የአሜሪካና የቻይና መኪኖች ላይ አዎ። ፊደሎቹ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቦታ ማባዣ አለው። ጻፊ፦ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። እያባዛሽ ደምሪ፣ ድምሩን ለ11 አካፍዪ፣ ቀሪው ዘጠነኛው ቦታ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ በኤክስ ይጻፋል። ቀላሉን እንሞክር፤ አሥራ ሰባቱም ቦታ ላይ 1 ነው እንበል።

ገዢዋ፦ ማባዣዎቹን ብቻ መደመር ነዋ... 89። ለ11 ሲካፈል 8 ጊዜ፣ ቀሪ 1። ዘጠነኛውም 1 ነው። ገጠመ!

መካኒኩ፦ የመጨረሻዋን 1 ወደ 2 ቀይሪያት።

ገዢዋ፦ 91። ቀሪው 3። አይገጥምም።

መካኒኩ፦ አየሽ፣ ገልባጭ አንድ ቁጥር ሲስት ይያዛል። ግን ልብ በዪ፤ አሥራ ሰባት 1 ሲደረደር ሒሳቡ ገጥሟል፣ እንዲህ ያለ መኪና ግን የለም። ሒሳቡን የሚያውቅ አጭበርባሪ የሚገጥም ቁጥር ይሠራል፤ ከመንገድ ላይም የደህናውን መኪና ቁጥር እንዳለ ይገለብጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ካልገጠመ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ከገጠመ ደግሞ ገና ምንም አላወቅሽም። ለአውሮፓና ለጃፓን መኪና ጭራሽ አትሞክሪው።

ገዢዋ፦ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው፤ መኪና ሲገዛ በዚህ ቁጥር ታሪኩን ሁሉ አወጣው። እዚህስ ለምን አይቻልም?

መካኒኩ፦ እዚያ መዝገብ ስላለ ነው። ግጭት፣ ጎርፍ፣ ኢንሹራንስ «አይጠገንም» ብሎ የጣለው፣ ሁሉም በቁጥሩ ሥር ይመዘገባል። ጥቅሙ ለእኛም ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የጣላቸው መኪኖች በጨረታ ተሸጠው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ፣ እዚያ ተጠግነው ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ። 1፣ 4 ወይም 5 ብሎ የሚጀምር መኪና ካጋጠመሽ ለወንድምሽ ቁጥሩን ላኪለት። ጨረታ ላይ የተነሳ ፎቶው ራሱ ሊገኝ ይችላል፤ ፊቱ ተጨፍልቆ ወይም እስከ መስኮቱ ውሃ ገብቶበት ታዪዋለሽ። ጎርፍ የገባበት መኪና ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይበላል፤ ዓመት ቆይቶ ነው የሚያስለቅስሽ።

ገዢዋ፦ የጃፓኑስ?

መካኒኩ፦ ከጃፓን ሲወጣ ከመዝገብ የተሰረዘበት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ የሻንሲ ቁጥሩና መጀመሪያ የተመዘገበበት ጊዜ አለበት። በጃፓንኛ ከሆነ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይቆጠራል፤ ሄይሴይ 17 ማለት 2005 ነው። ያስገባውን ሰው ጠይቂው፤ ዲክላራሲዮኑንም ጨምሮ። ሌላ ደግሞ የማልተወው ነገር አለ። ታካታ የሚባል ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት መንፊያው ይበላሽና ሲፈነዳ የብረት ስንጥር ሰው ላይ ይረጫል። ሰው ሞቶበታል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ እንዲመለስ ታዟል፤ ቶዮታም ሆንዳም አለበት። ያገለገለ መኪና አገር ሲለውጥ ይህ የመመለሻ ጥሪ አይከተለውም፤ ባለቤቱን ፈልጎ የሚነግረው የለም። መኪናሽ ጥሪ ያለበት መሆኑን የምታውቂው የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል ሰጥተሽ ወይም ድረ ገጹ ላይ አስገብተሽ ነው። ልጅ የምታሳፍሪበት መኪና ነው፤ ይህን ሳታደርጊ አትንጂው።

ገዢዋ፦ እሺ። ሁሉም ገጠመ እንበል። ከዚያስ?

መካኒኩ፦ ትራንስፖርት ቢሮው ያለውን ፋይል አስወጪ። ሻጩ የሰጠሽን የሊብሬ ኮፒ አይደለም የምልሽ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ብረቱ ላይ ያለው፣ ሊብሬው ላይ ያለው፣ ሦስቱ አንድ ይሁኑ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ላይም ያለውን እዪ። ውልና ማስረጃ ስትቀርቢ ውሉን ሳትፈርሚ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አስነብቢ። አምስትና ኤስ፣ ስምንትና ቢ ሲምታቱ ስንቱ ስም ማዘዋወር አቅቶት እንደተመላለሰ አይቻለሁ። ሌባ ሳይኖር፣ በአንዲት የታይፕ ስሕተት ሰው የገዛ መኪናው ባለቤት መሆን ያቅተዋል። የተሰረቀ ይሆናል ብለሽ ከጠረጠርሽም የኢንተርፖል የተሰረቁ መኪኖች መዝገብ አለ፤ እሱን የሚያየው ፖሊስ ነው፣ በፖሊስ በኩል ይጠየቃል።

ገዢዋ፦ ከገዛሁ በኋላ ቁጥሩ የተነካ መሆኑ ቢታወቅስ? አንድ የማውቀው ሰው «ዝም ብሎ መሸጥ ነው» ብሎኛል።

መካኒኩ፦ እንደዚያ የሚመክርሽን ሰው ሁለተኛ አትስሚው። አውቀሽ ከሸጥሽ አንቺም ከእነሱ አንዷ ነሽ። ጉዳቱን ለሌላ ደሃ ነው የምታሻግሪው፤ እሱም ቁጠባውን አውጥቶ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ የመጣ ነው። ለፖሊስ አመልክቺ፣ ውሉን ይዘሽ ሻጩን ክሰሺ። መኪናው ሊታገድብሽ ይችላል፤ ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ለዚህ እኮ ነው ገንዘቡ ከእጅሽ ሳይወጣ አየት አድርጊ የምለው። ቀብድ ከፈልሽ?

ገዢዋ፦ አልከፈልኩም። ዛሬ ማታ ካልሰጠሽኝ ለሌላ እሸጠዋለሁ እያለኝ ነው።

መካኒኩ፦ ይሽጠው። አሁን ደውዪለትና እንዲህ በዪው፦ ነገ ጠዋት፣ በብርሃን፣ መኪናው ሳይታጠብ አየዋለሁ። መካኒክ ይዤ እመጣለሁ፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ምንጣፉ ይገለጣል፣ ክሪክ ላይ ይወጣል።

ገዢዋ፦ እምቢ ካለስ?

መካኒኩ፦ ሌላ ቪትዝ እንፈልጋለን። ከተማው ሞልቷል። ደውዪ፣ እኔም ልስማው።